ኩኩሉ በጂፒኤስ፦ ስለ ፍራንክሊን ጫካ ጋሽ መንገዱን ጠይቁ

ጋሽ መንገዱ፦ ቅዳሜ ልጆች ይዘን ፍራንክሊን እንሄዳለን። ከሲያትል ወጣ ብሎ ብላክ ዳይመንድ አጠገብ ያለችው፣ ሰው ጥሏት የሄደው የድንጋይ ከሰል ከተማ ናት። ሰዎች ጫካ ውስጥ ደብቀው የቦታቸውን ቁጥር ያወጡላቸውን ትንንሽ ሳጥኖች በስልክ እየፈለግን እንንሸራሸራለን፤ ጂኦካቺንግ የሚባለው ጨዋታ ነው። ጠይቁ። አንድ ነገር ግን አስቀድሜ ልበል፦ ከመንገዱ አትውጡ። መሬቱ ከሥር የተቦረቦረ ነው።

ሰሎሜ፦ ጋሼ፣ የ5 ዓመት ልጅ ይችለዋል?

– ይችላል። ደርሶ መልስ 4 ኪሎ ሜትር ያህል ቢሆን ነው። የልጅ ጋሪ ቤት ይቅር።

ቢኒ፦ ባለፈው የሳጥኑን ቦታ ቁጥር አስገብቼ ሌላ ሰፈር ወሰደኝ። ጂፒኤስ ይዋሻል እንዴ?

– እሱ አልዋሸም፣ አንተ ነህ የተሳሳትከው። ለምሳሌ የዚህ ጨዋታ የመጀመሪያው ሳጥን ኦሪገን ውስጥ የተደበቀው ሜይ 3 ቀን 2000 ነው። የአሜሪካ መንግሥት ሆን ብሎ በሲቪሎች ጂፒኤስ ላይ ይጨምረው የነበረውን ስህተት ባጠፋ ማግስት ማለት ነው። የዚያ ሳጥን ቁጥር 45 ዲግሪ ከ17.460 ደቂቃ ሰሜን ይላል። አንተ ይህን «17 ደቂቃ ከ46 ሰከንድ» ብለህ ታነባለህ። ነጥብ 460 ግን የደቂቃ ክፍልፋይ ነው፤ 27.6 ሰከንድ ይሆናል። በዚህች ብቻ ከ500 ሜትር በላይ ትስታለህ! ትክክል አስገብተህም ዛፍ ሥር እስከ 10 ሜትር ሊያዛባ ይችላል። ስትቃረብ ስልኩን ኪስህ ክተትና ልጁ ይፈልግ። የልጅ ዓይን ወደ ግንዱ ሥር ነው የሚሄደው።

ሰሎሜ፦ ሳጥኑ ውስጥ ቆሎ ብናስቀምጥስ?

– ምግብ ክልክል ነው። አይጥ ይቦጫጭቀዋል።

ቢኒ፦ የመጀመሪያው ውስጥ የባቄላ ጣሳ ነበር ይባላል እኮ።

– ነበር። አሁን ክልክል ነው አልኩ።

ሄለን፦ ከከተማዋ ምን ቀርቷል?

– አንድ አሮጌ የከሰል ፉርጎ አለ። አፉ በሲሚንቶና በብረት የታሸገ ጉድጓድም አለ፤ ከ1,300 ጫማ በላይ ይወርዳል። እኔን ሁሌም የሚያቆመኝ ግን የሰዎቹ ነገር ነው። በ1891 እ.ኤ.አ. የከሰሉ ኩባንያ ጥቁር ማዕድን ቆፋሪዎችን በባቡር አመጣ። የመጡት የሥራ ማቆም አድማ የመቱትን ለመተካት ነበር። በ1894 ማዕድን ማውጫው ውስጥ እሳት ተነስቶ 37 ሰው በጭስ ታፍኖ ሞተ። የከተማዋ መቃብር እዚያው ጫካ ውስጥ ነው፤ ሐረግ ውጦታል።

የማርታ እናት፦ ለልጅ መቃብር ይታያል? ሌሊት ሲቃዡ ማን ሊያድር ነው?

ቢኒ፦ እኛ ቤተ ክርስቲያን ግቢ መቃብር ላይ እየዘለልን አይደል ያደግነው?

የማርታ እናት፦ አንተንማ እያየንህ ነው።

– ማርታ ከፉርጎው ጋር ትጫወት። ተዉት በቃ።

አቤል፦ ምን ምን ያስፈልጋል?

– ለምኑ? ጥያቄህን ለይ። ሳጥኑ ውስጥ ያለው ወረቀት ላይ ስም የሚጻፍበት እርሳስ ያዝ። ልጅህ ከሳጥኑ መጫወቻ ከወሰደ የሚተካ አምጣ።

አቤል፦ ሳጥኑ ከመንገድ ወጣ ያለ ቢሆንስ?

– አቤል! ከላይ አንብብ። ከመንገዱ አትውጡ።

ቢኒ፦ ከጋሽ መንገዱ ማን ይወጣል!

ሄለን፦ ስንት ሰዓት ነው የምንነሳው?

– ጠዋት 3 ሰዓት።

ቢኒ፦ በአበሻ ቀጠሮ 4 ተኩል መሆኑ ነው?

– 3 ሰዓት ላይ መኪናዬ ይንቀሳቀሳል።