ሐኪምዎን ይጠይቁ፦ ወንድሜ ስኪዞፍሬንያ አለበት፤ የምወልደው ልጅ ይወርሰው ይሆን?

ጥያቄ፦ የ27 ዓመት ሴት ስሆን የምኖረው መንዝ፣ መሐል ሜዳ ነው። ታናሽ ወንድሜ ስኪዞፍሬንያ የሚባል የአእምሮ ሕመም እንዳለበት ደብረ ብርሃን ተነግሮን በየወሩ መርፌ ይወስዳል። በቅርቡ ሽማግሌ ተልኮብኝ ነበር፤ የልጁ ቤተሰቦች ግን «በዘራቸው እብደት አለ» የሚል ወሬ ሰምተው አመነቱ። በሽታው ወደ እኔም ሆነ ወደምወልደው ልጅ እንደማይመጣ በደም ምርመራ ማረጋገጥ እችላለሁ?

መልስ፦ አይችሉም። ስኪዞፍሬንያ ማንን እንደሚይዝ አስቀድሞ የሚለይ የደምም ሆነ የምራቅ ምርመራ እስካሁን የለም፤ እንሠራለን የሚል ካጋጠመዎ ገንዘብዎን አይስጡት።

ምርመራው የታጣው ፍለጋው ስላነሰ አይደለም። ተመራማሪዎች በሽታውን ብቻውን የሚያመጣ አንድ ዘረመል (ከወላጅ የሚወረስ የሰውነት መመሪያ) ለማግኘት ለብዙ ዓመታት ደክመዋል፤ ያገኙት ግን እጅግ ብዙ ጥቃቅን ልዩነቶችን ነው። እ.ኤ.አ. በ2022 የታተመ ዓለም አቀፍ ጥናት ከ76 ሺህ በላይ ሕሙማንን ከ243 ሺህ በላይ ሕመሙ ከሌለባቸው ሰዎች ጋር አነጻጽሮ፣ ከሕመሙ ጋር የተያያዙ 287 የዘረመል ስፍራዎችን ለይቷል። እያንዳንዱ የሚጨምረው ስጋት ኢምንት ሲሆን አብዛኞቹ በጤነኛ ሰው ዘንድም የተለመዱ ናቸው፤ ባመነቱት ቤተሰቦች ደም ውስጥም አይጠፉም። ዘረመሎችን ከሚሸከሙት ክሮሞዞሞች ከ22ኛው ቁራጭ እንደ መጉደል ያሉ ከባድ ለውጦች ስጋቱን በብዙ እጥፍ ቢጨምሩም የሚገኙት በጥቂት ሕሙማን ላይ ብቻ ነው። በዚያ ላይ እስካሁን የተጠኑት በአብዛኛው የአውሮፓና የምሥራቅ እስያ ዝርያ ያላቸው ሰዎች ናቸው፤ ኢትዮጵያ፣ ኬንያ፣ ኡጋንዳና ደቡብ አፍሪካ የተሳተፉበት ኒውሮጋፕ የተባለው ጥናት የተጀመረው ይህን ክፍተት ለመሙላት ነው።

ይሁን እንጂ ዘር ምንም ድርሻ የለውም ብዬ አላጽናናዎትም። በመንትዮች ላይ የተደረጉ ጥናቶች የዘረመልን ድርሻ ወደ 80 በመቶ ያደርሱታል። ብዙ ሰው ይህን ሲሰማ የታማሚ ዘመድ ሁሉ 80 በመቶ የመታመም ዕድል ያለው ይመስለዋል፤ ቁጥሩ የሚናገረው ግን በሕዝብ መካከል ስለሚታየው የተጋላጭነት ልዩነት እንጂ ስለ አንድ ሰው ዕጣ አይደለም። ለእርስዎ የሚጠቅመው ስሌት ሌላ ነው፤ ከማንኛውም 100 ሰው በሕይወት ዘመኑ በዚህ ሕመም የሚያዘው 1 ገደማ ሲሆን፣ ወንድሙ ወይም እህቱ ታማሚ ከሆነበት 100 ሰው 9፣ አጎቱ ወይም አክስቱ ታማሚ ከሆነበት 100 ሰው ደግሞ 4 ገደማ ነው። ስለዚህ የእርስዎ ልጅ ከ100 ወደ 96 በሚጠጋ ዕድል ከሕመሙ ነጻ ይሆናል። ሙሉ በሙሉ አንድ ዓይነት ዘረመል ካላቸው መንትዮች እንኳ አንዱ ሲታመም ሌላው የሚታመመው ከግማሽ ባነሰ ጊዜ ነው፤ በወሊድ ወቅት የሚደርስ ችግር፣ በልጅነት የሚደርስ በደልና በተለይም በጉርምስና ዕድሜ ካናቢስ (ሐሺሽ) ማጨስ የየራሳቸው ድርሻ አላቸው።

ወንድምዎን ወደ ጻድቃኔ ማርያም ወይም ወደ ሸንኮራ ዮሐንስ ጸበል መውሰድ ከፈለጋችሁ አልከለክልም፤ መርፌው ግን አንድም ወር መዘለል የለበትም። ሽማግሌ የላከብዎት ልጅም ከተስማማ፣ ወንድምዎ ለቀጣዩ መርፌ ደብረ ብርሃን ሲሄድ ሦስታችሁም አብራችሁ ሂዱና የሚከታተለውን የሥነ አእምሮ ባለሙያ እነዚህን ቁጥሮች እንዲያስረዳችሁ ጠይቁት።