የሞተርን ውስጥ በማጠቢያ ፈሳሽ ማጠብ ይበጃል?

ጥያቄ፦ ያገለገለ ኮሮላ ገዝቼ መንዳት ከጀመርኩ ጥቂት ወራት ሆኖኛል። የቀድሞው ባለቤት ዘይት በየስንት ጊዜው ይቀይር እንደነበር አላውቅም፤ የዘይት መሙያውን ክዳን ስከፍት ግን ከሥሩ ጥቁርና ወፍራም ጭቃ ተለጥፎ አገኛለሁ። መካኒኬ አሮጌው ዘይት ሳይፈስ ግማሽ ሊትር ነጭ ጋዝ ጨምረን ሞተሩን ብናስነሳው ይታጠባል ይለኛል። መለዋወጫ መደብር ደግሞ ለዚሁ የተዘጋጀ ማጠቢያ በጠርሙስ ይሸጣል። የትኛው ይሻለኛል? (አንባቢ ከአዳማ)

መልስ፦ ሁለቱንም ቢተዉ ይሻላል። በጠርሙስ የሚሸጡት ማጠቢያዎች አብዛኞቹ መሠረታቸው ለነጭ ጋዝ የቀረበ ቀጭን የነዳጅ ውጤት ሲሆን፣ ቆሻሻን የሚያላቅቁና በዘይቱ ውስጥ በትነው የሚይዙ ኬሚካሎች ተጨምረውባቸዋል፤ ነጭ ጋዝ ግን እነዚህ ኬሚካሎች የሉትም። ሁለቱም ዘይቱን ያቀጥናሉ። ብሮንዚኖቹን (የሚሽከረከሩ የሞተር ዘንጎች የሚያርፉባቸውን ስስ ልባሶች) ከብረት ለብረት ፍትጊያ የሚጠብቃቸው ስስ የዘይት ሽፋን በመሆኑ፣ አምራቾቹ ራሳቸው ማጠቢያው ሞተሩ ውስጥ እያለ መኪናው ፈጽሞ እንዳይነዳ፣ ሞተሩም በሚኒሞ (ነዳጅ ሳይረገጥ በዝቅተኛ ዙር) ለጥቂት ደቂቃዎች ብቻ እንዲሠራ ያዝዛሉ።

በእርስዎ መኪና ላይ የበለጠ የሚያሰጋን ግን የጭቃው አለቃቀቅ ነው። ለዓመታት የተጋገረ ጭቃ በደቂቃዎች ሟሙቶ አያልቅም፤ እየተላጠ በቁርጥራጭ ወደ ኮፓው (ከሞተሩ ሥር ወዳለው የዘይት መያዣ) ይወርድና ፖምፓው ዘይት በሚስብበት ወንፊት ላይ ይከማቻል። ወንፊቱ ሲደፈን ፖምፓው የሚስበው ያጣል፣ የሞተሩ የላይኛው ክፍል ይደርቃል፣ ብሮንዚንም ይበላል። ፊልትሮው (የዘይት ማጣሪያው) ይህን ሊከላከል አይችልም፤ የሚገኘው ከፖምፓው በኋላ ነውና። በነጭ ጋዝ ፋንታ ቤንዚን የሚጨምር ሰው ካጋጠመዎት ደግሞ አጥብቀው ይከልክሉት፤ የቤንዚን ትነት በሞቀ ሞተር ውስጥ ሊቀጣጠል ይችላል።

የሞተር ዘይት ራሱ አጣቢ ኬሚካል ስላለው፣ ጭቃውን ቀስ በቀስ እንዲያነሳ ጊዜ መስጠት ይበጃል። አሁን ዘይቱንና ፊልትሮውን አብረው ይቀይሩ፤ የዘይቱ ውፍረት በመኪናው መመሪያ የተፈቀደው ይሁን። ቀጣዩን ቅያሪ 5,000 ኪሎ ሜትር ሳይጠብቁ በ1,500 ወይም በ2,000 ያድርጉት፤ ሁለት ሦስት ጊዜም እንዲሁ ይድገሙት። ጭቃው በጣም የበዛ ከሆነ ኮፓውን አስወርዶ ወንፊቱን በእጅ ማሳጠብ ከየትኛውም ጠርሙስ ይበልጣል፤ የእጅ ዋጋው ከፍ ቢልም ቆሻሻው ከሞተሩ መውጣቱን በዓይንዎ ያረጋግጣሉ። በየጊዜው ዘይቱ ሲቀየርለት የኖረ ሞተር ደግሞ ማጠቢያው ከነጭራሹ አያስፈልገውም።

በዚህ መካከል የዘይት ግፊት ቀዩ መብራት ከበራ እስከ ጋራዥ ልድረስ ሳይሉ ሞተሩን ወዲያውኑ ያጥፉት፤ መኪናውንም አስጎትተው ይውሰዱት።