የሰመር ፖሊስነት ወደ ቋሚ ሥራ ያደርሳል ወይ?

ጥያቄሽ ባጭሩ ይህ ነው፦ ኒው ጀርሲ ውስጥ ክሪሚናል ጀስቲስ ትማሪያለሽ፣ 20 ዓመትሽ ነው፣ ዘንድሮ ዜግነት አግኝተሻል። በሚመጣው ሰመር ከአትላንቲክ ዳርቻ መዝናኛ ከተሞች በአንዱ በሲዝናል ፖሊስነት (ለወቅቱ ብቻ የሚቀጠር ፖሊስ ሆነሽ) ለመሥራት አስበሻል። እናትሽ ደግሞ «የአራት ወር ፖሊስ ምን ዓይነት ፖሊስ ነው?» ብለውሻል።

እናትሽ ሳያውቁት ዋናውን ነገር ነክተዋል። በግዛቱ ሕግ ሲዝናል ፖሊስ «ልዩ የሕግ አስከባሪ» እንጂ የመምሪያው ቋሚ አባል አይደለም። ሹመቱ ቢበዛ የአንድ ዓመት ነው፤ ጊዜው ሲያበቃ ሥልጣኑም አብሮ ያበቃል። አራት ወር ወይም ከዚያ ያነሰ ሹመት ከሆነ ደግሞ ከተማው ምክንያት ሳይሰጥ፣ ቃልሽንም ሳይሰማ ሊሽረው ይችላል። የሰመር ቅጥረኛ ሁሉ ማለት ይቻላል የሚገባው እዚህ ውስጥ ነው። ስለዚህ ሥራውን ቋሚ ሥራ ላይ የሚያወጣ መሰላል አድርገሽ አትይው። ረጅም ቃለ መጠይቅ ነው፤ የሚከፈልበት መሆኑ ነው ልዩነቱ።

ከሁሉ በፊት ማስታወቂያው ላይ ያለው የልዩ ፖሊስ ደረጃ ክላስ ዋን ነው ወይስ ክላስ ቱ የሚለውን እይ። ክላስ ዋን መሣሪያ አይታጠቅም። ትራፊክ ያስተናብራል፣ ሕዝብ የተሰበሰበበትን ይጠብቃል፣ በከተማው ደንብ፣ በትራፊክ ሕግና በቀላል ጥፋቶች መጥሪያ ይጽፋል። ክላስ ቱ ከቋሚው ፖሊስ ጋር የተቀራረበ ሙሉ ሥልጣን አለው፤ ሥልጠናውም በዚያው ልክ ይረዝማል። መሣሪያ የሚይዘው ግን በሥራ ላይ ሳለ ብቻ ነው፤ የከተማውን ሽጉጥ ተራው ሲያበቃ ጣቢያ አስረክቦ ይሄዳል። ብዙ ሰው ቶሎ ልታጠቅ ብሎ ክላስ ቱን ይመርጣል። ላንቺ ግን፣ ገና ትምህርት ላይ ስላለሽ፣ ክላስ ዋን ይሻላል ባይ ነኝ፤ ሥልጠናው አጭር ስለሆነ የትምህርት ዓመቱን አይበላብሽም።

የክላስ ዋን ቀን ምን ይመስላል? አብዛኛው በእግር ወይም በብስክሌት ቦርድዎክ (በባሕሩ ዳርቻ የተዘረጋው የእንጨት መንገድ) ላይ መዋል ነው። የጠፋ ልጅ፣ በተከለከለ ሰዓት የሚነዳ ብስክሌት፣ አሸዋ ላይ የተከፈተ ቢራ፣ ከእኩለ ሌሊት በኋላ የሚጮህ የኪራይ ቤት። ቀልድ የሚመስለው ሥራ ግን በአንድ ምሽት ይለወጣል። በ2024 የሜሞሪያል ዴይ (በሜይ መጨረሻ የሚውለው በዓል) ሰሞን፣ ከነዚሁ የመዝናኛ ከተሞች አንዷ የሆነችው ዋይልድውድ ቦርድዎኩ ላይ በተነሳ ሁከት የአስቸኳይ ጊዜ እስከማወጅ ደርሳለች። አዲስ ቅጥረኛ የሚወድቀው ግን ብዙ ጊዜ በሁከት አይደለም፤ በወረቀት ነው። የደንቡ ቁጥር የተሳሳተ፣ ሰዓቱ ያልተሞላ ወይም ከደረት ካሜራው ቅጂ ጋር የማይገጥም መጥሪያ ፍርድ ቤት አይቆምም። አለቃውም ያንን ስም አይረሳም። በሐምሌ የጻፍሽው መጥሪያ በጥቅምት ለምስክርነት ሊያስጠራሽ እንደሚችልም አስቢ፤ ያኔ ክፍል ውስጥ ነሽ።

ሰዓቱን በተመለከተ፣ በመዝናኛ ከተሞች ሕጉ በሰመሩ አራት ተከታታይ ወራት እስከ 48 ሰዓት በሳምንት ይፈቅዳል። ቅዳሜና እሁድ፣ ጁላይ 4ም ጭምር፣ የሥራ ቀን ነው። በአንድ ጊዜ ሁለት ከተማ ውስጥ ልዩ ፖሊስ መሆን አይቻልም፤ ሁለት ቦታ ተቀጥሬ ገንዘብ እሰበስባለሁ ብለሽ እንዳታስቢ።

አሁን ወደ ቋሚው እንምጣ። የኒው ጀርሲ ከተሞች በሁለት ይከፈላሉ። አንዳንዶቹ በሲቪል ሰርቪስ (በግዛቱ የመንግሥት ሠራተኞች ቅጥር ሥርዓት) ሥር ናቸው፤ በግዛቱ ፈተና ከወጣ ዝርዝር ይቀጥራሉ፣ በዝርዝሩም የከተማው ነዋሪ ይቀድማል። እዚህ ነው ብዙ ጎበዝ የሰመር ፖሊስ የሚቀረው፦ ሦስት ሰመር በትጋት ሠርቶ፣ አድራሻው ግን ሌላ ከተማ ስለሆነ ከነዋሪዎቹ በታች ይሰለፋል። ነዋሪነት የሚለካው የፈተናው ምዝገባ በሚዘጋበት ቀን ነው፤ ከዚያ በኋላ ቤት መቀየር አይረዳም። በሲቪል ሰርቪስ ሥር ያልሆኑ ከተሞች ግን በራሳቸው መንገድ ይመርጣሉ። ሰመሩን ያየሽ አለቃ ቃል ክብደት የሚኖረው እዚያ ነው። ስለዚህ ከማመልከትሽ በፊት ከተማው ከየትኛው ወገን እንደሆነ አጣሪ።

ቋሚ ስትሆኚ የፖሊስና የእሳት አደጋ ሠራተኞች ጡረታ ውስጥ ትገቢያለሽ፤ ሲዝናሉ ይህ የለውም። ለቋሚ የከተማ ፖሊስነት ዜግነት ግዴታ ነው፣ ግሪን ካርድ አይበቃም፤ እሱን አልፈሻል። ከ2024 ጀምሮ ደግሞ ግዛቱ ለፖሊሶች የሙያ ፈቃድ ይሰጣል፤ በሰመር የተመዘገበብሽ የዲሲፕሊን ጥፋት ኋላ ሊከተልሽ ይችላል።

ማመልከቻውን እስከ ግንቦት አታቆዪው። ጥሩዎቹ ከተሞች ማስታወቂያ የሚያወጡት ከፎል እስከ ዊንተር ባሉት ወራት ነው፣ ምክንያቱም አሻራ፣ የሥነ ልቦና ምርመራና የኋላ ታሪክ ማጣሪያ ወራት ይፈጃል። ቅጹ ላይ የኖርሽበትን አድራሻ ሁሉ፣ የሠራሽበትን ቦታ ሁሉ፣ የትራፊክ ቅጣትሽን ሁሉ ጻፊ። ከሥራ የተባረርሽበት ካለም ጻፊው። የፍጥነት ቅጣት ብዙ ጊዜ አይጥልሽም፣ የደበቅሽው ቅጣት ግን ይጥልሻል። ከአገር ቤት ሰነድ ጋር የስም አጻጻፍ ወይም የልደት ቀን ልዩነት ካለብሽ (የዘመን አቆጣጠር ስሕተት በኛ ሰው ዘንድ የተለመደ ነው) ጠያቂው ሳያገኘው አንቺው በደብዳቤ አስረጂ።

ሩጫ ዛሬ ጀምሪ። ለቋሚ ፖሊሶች መሠረታዊ ሥልጠና መግቢያ የሚጠየቀው 1.5 ማይል በ15 ደቂቃ ከ55 ሰከንድ፣ 300 ሜትር በ70.1 ሰከንድ፣ በአንድ ደቂቃ 24 ፑሽ አፕና 28 ሲት አፕ፣ ከቆሙበት 15 ኢንች ወደ ላይ መዝለል ነው። ክላስ ዋን ይህን ባይጠይቅሽም መለኪያሽ ይሁን። ሴቶችን በብዛት የሚያስቀረው ፑሽ አፑ ነው፤ በሳምንት ሦስት ቀን፣ በትንሽ በትንሹ፣ ቢያንስ አራት ወር ያስፈልገዋል።

ለቃለ መጠይቅ ስትቀርቢ ሦስት ነገር ጠይቂ፦ ካለፉት ዓመታት ሲዝናሎች ስንቱን ቋሚ አደረጋችሁ? ወደ ክላስ ቱ የምትልኩት በማን ወጪ ነው? ማደሪያ አላችሁ? የመጨረሻውን እንዳትንቂው። በጁላይ የባሕር ዳርቻ ኪራይ የሰዓት ደመወዝሽን ጠራርጎ ሊወስደው ይችላል፤ ማደሪያ የሌለው ከተማ ከሆነ ከቤትሽ እየተመላለሽ ሌሊት 10 ሰዓት ላይ መንዳት ትችይ እንደሆነ አስቀድመሽ አስቢበት።