ያገለገለ የፊልም ካሜራ ለምትገዙ ልጆቼ

ሜካኒካል የፊልም ካሜራ ለመግዛት የምታስቡ ወጣቶች አስቀድማችሁ የምትጠይቁኝ የትኛው ስም እንደሚሻል ነው፤ እኔ ግን በፎቶ ቤት ባረጀሁበት ዘመን የተማርኩት ካሜራው እንዴት እንደኖረ ከስሙ ይልቅ እንደሚወስን ነው። ጠርዙ ተፍቆ ነሐሱ የወጣበት ካሜራ ሲቀርብላችሁ አትሽሹት፤ ሲሠራ የኖረ ነው። ይልቅስ የሚያሰጋው ከቆዳ ማኅደሩ ሳይወጣ ቁም ሣጥን ውስጥ ሠላሳ ዓመት የተኛውና ላዩ የሚያብረቀርቀው ነው፤ የውስጡ ዘይት ይረጋል፣ ሌንሱም ሻጋታ ያበቅላል።

ስለዚህ ከዐይናችሁ በፊት ጆሯችሁን አቅርቡ። የመዝጊያውን፣ ማለት ብርሃን ወደ ፊልሙ የሚያሳልፈውን ክዳን፣ ፍጥነት አንድ ሰከንድ ላይ አድርጋችሁ ልቀቁት፤ ጤነኛ ከሆነ እንደ ሰዓት ጥርስ እኩል ድምፅ እያሰማ ሄዶ ይዘጋል። መሀል ላይ ካቃሰተ ወይም ክፍት ሆኖ ከቀረ ዘይቱ ደርቋል፤ ሻጩ «ሲሠራ ይፍታታል» ቢላችሁም አትመኑት። ከውጭ በዘመድ የምታስመጡ ከሆነም ከፎቶው ይልቅ ይህን ድምፅ በስልክ ቀርጾ እንዲልክላችሁ ለምኑት።

በወጣትነቴ አንድ ነጋዴ አዲስ የሚመስል ሬንጅፋይንደር፣ ማለት በሌንሱ ሳይሆን ለብቻው ባለ መስኮት እያያችሁ የምታነሱበት ካሜራ፣ ሸጠልኝ። ይህ ዓይነት ካሜራ በሌንሱና በመዝጊያው መካከል መስታወት ስለሌለው፣ ሌንሱ ሳይከደን ፀሐይ ላይ ከተተወ መዝጊያው የተሠራበት የጨርቅ መጋረጃ ይቃጠላል፤ የእኔውም መርፌ የወጋው የሚያህል ቀዳዳ ነበረበት። ሠርግ አንስቼ ሳሳትም በየፎቶው ነጭ ነጥብ ወጣ፤ በሙሽራዋ ቬሎ ላይ ባይታወቅም በሙሽራው ጥቁር ሱፍ ላይ እንደ ቁልፍ ተቀምጦ ነበር። ዛሬ በእያንዳንዳችሁ ስልክ ላይ መብራት አለ፤ ሌንሱን ፈትታችሁ፣ የጀርባውን ክዳን ከፍታችሁ፣ ጨለማ ውስጥ ከመጋረጃው ኋላ ብታበሩት ቀዳዳው እንደ ኮከብ ይታያችኋል። በዚያው መብራት የሌንሱን ውስጥ እዩ፤ የሸረሪት ድር የመሰለ ነገር ካለ ሻጋታ ነው።

ስም ካልጠራህ ካላችሁኝ፣ ከ1976 እስከ 1997 እ.ኤ.አ. የተመረተው ፔንታክስ ኬ1000 እና በ1982 የወጣው ኒኮን ኤፍኤም2 ባትሪ የሚፈልጉት ለብርሃን መለኪያቸው ብቻ ነው፤ ካኖን ኤኢ-1 ግን ያለ ባትሪ መዝጊያው አይሠራም። ኬ1000 የመለኪያ ማጥፊያ የለውም፤ ባትሪው እንዳያልቅ ሌንሱን መክደን ይበቃል። ከአባታችሁ ቁም ሣጥን ዜኒት-ኢ ካገኛችሁ ደግሞ ከ1/30 ሰከንድ የዘገየ የተወሰነ ፍጥነት ስለሌለው የነገርኳችሁ የአንድ ሰከንድ ፈተና አይሠራበትም፤ ባትሪ የማያሻው መለኪያውም ከዕድሜ ጋር ስለሚደክም ከስልካችሁ የብርሃን መለኪያ መተግበሪያ ጋር አስተያዩት።

የመጀመሪያውን ባለ 36 ፊልም በሰፈራችሁ አንሱበት፤ የእያንዳንዱን ፎቶ የመዝጊያ ፍጥነትና የሌንሱን የብርሃን መግቢያ ስፋት (አፐርቸር) በወረቀት መዝግቡ። ያ ፊልም ታጥቦ እስኪታይ ድረስ ሠርግ እንዳትቀበሉ።