መጋጠሚያውን አስቀድሙ

ልጆቼ፣

ከሠላሳ ዓመት በላይ ሒሳብ አስተምሬ ጡረታ ወጥቻለሁ። አሁን ማታ ማታ ከኤአይ ኤጀንቶች (ሥራ ሲሰጣቸው በራሳቸው ከሚሠሩ የሰው ሠራሽ አስተውሎት ፕሮግራሞች) ጋር የሒሳብ ማረጋገጫ እሠራለሁ። ሰሞኑን አንድ የቀድሞ ተማሪዬ ደውሎ «መምህር፣ አንድ ቲዎረም (መረጋገጥ ያለበት የሒሳብ አባባል) ቆራርጬ ለኤጀንቶቹ አከፋፈልኳቸው፤ ሁሉም ጨርሰናል አሉ፤ ማረጋገጫው ግን የለም» አለኝ። ሳቅሁበት፤ እኔም ደርሶብኛልና።

የእኔው ይኸውላችሁ። ኢተጋማሽ ቁጥር ውሰዱ፤ «ሀ» እንበለው። ከሀ×ሀ×ሀ ላይ ሀን ስትቀንሱ ውጤቱ ሁልጊዜ ለ24 ያለ ቀሪ ይካፈላል። አንዱን ኤጀንት «ከፋፍለው» አልኩት። «ለ4 መካፈሉን እናሳይ፣ ለ6 መካፈሉን እናሳይ፣ 4 ጊዜ 6 ደግሞ 24 ነው» አለኝ። ሁለት ኤጀንቶች ላክሁ። ሁለቱም ትክክለኛ ማረጋገጫ ይዘው መጡ፤ እኔም ደስ ብሎኝ ቡናዬን ልጠጣ ሄድኩ። ስመለስ ልገጣጥም ብል እምቢ አለ። ለካ 12 ለ4ም ለ6ም ይካፈላል፣ ለ24 ግን አይካፈልም! ቁራጮቹ እውነት፣ አቆራረጡ ስህተት። ጥፋቱ ደግሞ ሳያይ የላከው የእኔ ነው።

መቆረጥ የነበረበት በ3 እና በ8 ነው፤ ሁለቱ ከ1 በቀር የጋራ አካፋይ የላቸውም። የምንፈልገው ቁጥር (ሀ−1)×ሀ×(ሀ+1) ነው። ከሦስት ተከታታይ ቁጥሮች አንዱ ለ3 ይካፈላል። ሀ ኢተጋማሽ ስለሆነ ግራና ቀኙ ያሉት ተከታታይ ተጋማሾች ናቸው፤ አንዳቸው ለ4 ስለሚካፈሉ ብዜታቸው ለ8 ይካፈላል። አለቀ።

ስለዚህ ንዑስ ግቦቹ፣ ማለትም ቁራጮቹ፣ እንደተረጋገጡ ቆጥራችሁ የመጨረሻው አባባል ከእነሱ ይወጣ እንደሆነ በቅድሚያ እዩ። ሊን የተባለው የማረጋገጫ ቋንቋ ለዚህ ምቹ ነው። ገና ባልሠራችሁት ቦታ «ሶሪ» ብላችሁ ትጽፋላችሁ፤ «ይቅርታ፣ እመለስበታለሁ» እንደማለት። ኮምፒውተሩ ክፍተቱን እያስጠነቀቀ የቀረውን ይፈትሻል። የማረጋገጫው አጽም በሶሪ ሳይቆም አንድም ኤጀንት አትላኩ።

እ.ኤ.አ. በ2023 መጨረሻ የሒሳብ ሊቁ ቴረንስ ታኦና ሦስት ባልደረቦቹ የሒሳብ ሊቋን የካታሊን ማርቶንን ግምት (ገና ያልተረጋገጠ አባባል) ካረጋገጡ በኋላ፣ ሥራው በሦስት ሳምንት ገደማ ወደ ሊን ተገልብጧል። ሠራተኞቹ ሰዎች ነበሩ፣ በፈቃዳቸው የመጡ። መጀመሪያ ንድፍ ወጣ፤ እያንዳንዱ ሌማ (ለዋናው ማረጋገጫ የሚያግዝ ትንሽ አባባል) አንድ ክብ፣ የቱ በየቱ ላይ እንደሚቆም በቀስት ታይቶ፣ የተረጋገጠው አረንጓዴ እየሆነ። አንዷን ክብ ያነሣ ሰው ጠቅላላውን ማረጋገጫ ማወቅ አይጠበቅበትም ነበር። በ2025 የወጣው የኤአይ ኩባንያው የዲፕሲክ ማረጋገጫ ሞዴል ሲሠለጥንም ትልቁ ሞዴል ቆራጭ፣ ትንሹ ሞዴል የቁራጮቹ አረጋጋጭ ነበሩ። ሃምሳ ሎሚ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው ይባል የለ? ተረቱ ግን ከሎሚዎቹ አንዱ ቢበሰብስ ምን እንደሚደረግ አይነግረንም።

የበሰበሰ ሎሚ ስል ሐሰት የሆነ ንዑስ ግብ ማለቴ ነው። በሊን መቁጠሪያ ቁጥሮች ውስጥ 2 − 3 ስንት ይመስላችኋል? 0 ነው፤ ከዜሮ በታች መውረድ የለም። እንግዲህ «ሀ − ለ + ለ = ሀ» ብላችሁ ብትልኩ ኤጀንቱ ሌሊቱን ሙሉ ሲታገል ያድራል፤ ሒሳቡን የምትከፍሉት እናንተ ናችሁ። ከዚህ የሚብሰው ሌማው እንዲሳካለት አባባሉን በዝምታ ሲያላላላችሁ ነው። እኔ አሁን አረንጓዴ ሳይ መጀመሪያ የማነበው ማረጋገጫውን ሳይሆን ምን ተረጋገጠ የሚለውን መስመር ነው፤ ከመላኬ በፊት ደግሞ ሦስት አራት ትናንሽ ቁጥሮችን በእጄ እሞክራለሁ።

እስቲ ይቺን ሥሩልኝ፦ ከ3 የሚበልጥ ብቸኛ ቁጥር በራሱ ተባዝቶ 1 ሲቀነስበት ለ24 ይካፈላል። ቁረጧት። ኤጀንት ከመጥራታችሁ በፊት ግን 25ን ሞክሩ። ብቸኛ ቁጥር አይደለም፤ 625 − 1 ግን 24 ጊዜ 26 ነው።