መልስ፦ የአውሮፓ የደን ሕግ የሐረር ቡናን ይነካል ወይ?
ወንድሜ፣ «አባቴ ሐረርጌ ጓሮው ውስጥ ቡና አለው፣ የአውሮፓ የደን ሕግ ምን አገባው?» ላልከው፣ በደንብ ያገባዋል። ሕጉ በ2023 እ.ኤ.አ. ወጣ፤ የሚጀመርበት ቀን ግን ተደጋግሞ ተራዝሟል። ከ2020 እ.ኤ.አ. መጨረሻ በኋላ ደን ተመንጥሮ የተመረተ ቡና አውሮፓ አይገባም ነው የሚለው።

የኛ ቡና ከጫትና ከማሽላ ጎን የሚበቅል የጓሮ ቡና ነው። ምንጣሮው ሳይሆን ማስረጃው ነው ጣጣው። የእያንዳንዱ ማሳ መገኛ በጂፒኤስ መመዝገብ አለበት። ማሳው ከ4 ሄክታር ካልበለጠ አንድ የጂፒኤስ ነጥብ ይበቃል፣ ተመስገን ነው። ግን ድሬዳዋ መጋዘን የደረሰ ቡና ከስንት ጓሮ እንደተለቀመ ማን ያውቃል? ሰብሳቢው አንዴ ከደባለቀው አለቀ፤ ሕጉ መነሻው ከማይታወቅ ጋር መቀላቀልን አይፈቅድም። አባትህ የገበሬዎች የኅብረት ሥራ ማኅበር ካላቸው፣ ማሳቸው ተመዝግቦ እንደሆነ ከለቀማ በፊት ይጠይቁ።