ውሃ ለማስገባት የት ልሂድ ላልሽው እኅቴ

«ቢቸና አካባቢ ባለች ትንሽ ከተማ ቤት ሠርቼ ጨረስኩ፣ ውሃ የሚያስገባልኝ ማን እንደሆነ የሚነግረኝ አጣሁ» ያልሽውን ሳነብ አንጀቴን በላኝ። እኔም እዚያው ምሥራቅ ጎጃም በዚሁ ጉዳይ ወገቤ እስኪቆረጥ ተመላልሻለሁ።

1. ወረዳ ውሃና ኢነርጂ ጽሕፈት ቤት ሄደሽ ቀንሽን እንዳታቃጥዪ። ታፔላው ላይ «ውሃ» የሚል አይቼ ሦስት ሳምንት የተንከራተትኩት እዚያ ነው። እነሱ የሚያዩት የገጠር ቀበሌውን ምንጭና የእጅ ፓምፕ ነው። የከተማው ውሃ የራሱ ቢሮ አለው፤ የመጠጥ ውሃና ፍሳሽ አገልግሎት ይባላል፣ የሚተዳደረውም በቦርድ ነው። ቢሮውን ካጣሽው ቦኖ ላይ የምታስቀዳዋን ሴት ጠይቂያት፤ የሰበሰበችውን ገንዘብ የምታስገባው ለማን ነው? ውሃው የዚያ ነው። ለኮሚቴ ነው ካለችሽ የኮሚቴውን ሰብሳቢ ያዢ።

2. የውሃ አገልግሎቱ ቀያሽ መጥቶ ሳይለካ አንዲት ዕቃ እንዳትገዢ! እኔን ያቃጠለኝ ይሄ ነው። አንድ የቧንቧ ሠራተኛ «መስመሩ ከአጥርህ ጀርባ ነው የሚያልፈው» ቢለኝ ደብረ ማርቆስ ወርጄ 50 ሜትር ባለ ግማሽ ኢንች ፕላስቲክ ቧንቧና ቆጣሪ ገዛሁ። ቀያሹ ሲመጣ ለካ ያ መስመር ከጉድጓዱ ወደ ማጠራቀሚያው ጋን የሚወጣው ነው፤ ከእሱ ለግለሰብ አይቀጠልም። ማከፋፈያው ያለው አስፋልቱ ዳር፣ 120 ሜትር ርቆ። ለዚያ ርቀት ደግሞ ግማሽ ኢንች ግፊቱን ይገድለዋል ተብሎ ባለ ሦስት አራተኛ እንድገዛ ታዘዝኩ። ቆጣሪዬንም «እኛ ያልፈተሽነውን አንቀበልም» ብለው መለሱት። የሁለት ኩንታል ጤፍ ዋጋ እንዲሁ ቀረ።

ከዚያ ደግሞ የውሃ አገልግሎቱ ቢሮ መስኮት ላይ ያለው ልጅ አለ። ካርታዬን፣ መታወቂያዬን፣ ማመልከቻዬን በእጄ ሰጥቼው በሳምንቱ «ፋይልህ የለም» አለኝ። ቀና ብሎ እንኳ አላየኝም። እናቴ በሰባ ዓመቷ ጀሪካን አዝላ ከቦኖ ስትመለስ እያየሁ ነው ይሄን የምሰማው። አንቺ ማመልከቻሽን ለሰው እጅ አትስጪ፤ መዝገብ ቤት አስገቢና የገቢ ቁጥርና ቀን ኮፒሽ ላይ ያስጽፉልሽ። በሁለተኛው ዙር እንዲያ አድርጌ ቁጥሩን ሳሳየው ፋይሉ በአሥር ደቂቃ ተገኘ።

ቁፋሮውን ጥቅምት ላይ አድርጊው። በጋው ከገፋ የእኛ አገር መረሬ፣ ጥቁሩ አፈር፣ ድንጋይ ይሆናል፣ የቀን ሠራተኛውም ዋጋ ይሰቅላል። ጠለቅ አድርገሽ አስቆፍሪ፤ መረሬ ሲሰነጠቅ ከላይ ያለ ቧንቧ ይጎትታል። ቆጣሪው ሲተከል ቁጥሩን በስልክሽ አንሺው፣ የመጀመሪያው ቢል ከዚያ ነው የሚጀምረው።

ዛሬ እናቴ ከደጃፏ ትቀዳለች፤ ጎረቤቶቼም የእኔን ኮፒ እያዩ ሦስት ቤት አስገብተዋል።

ያ 50 ሜትር ቧንቧ እስከ ዛሬ ጓዳ ተጠቅልሎ አለ። ቀያሹ ለክቶ ግማሽ ኢንች ይበቃል ካለሽ በውስጥ ጻፊልኝ፣ መጥተሽ ውሰጂው።